«ልጄ የመግባት ዕድሏ ስንት ፐርሰንት ነው?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአንዲት እናት ነው። በጥቂቱ አሳጥሬዋለሁ። ለማያውቁት፦ ጂፒኤ የሁለተኛ ደረጃ አማካይ ውጤት፣ ኤስኤቲ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ ኤፒ ደግሞ በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነው።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ገብታለች። ጂፒኤዋ 3.92፣ ኤስኤቲዋ 1480 ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሒሳቡ 740። እስከ ዓመቱ መጨረሻ 8 የኤፒ ትምህርቶች ይኖሯታል። ኮምፒውተር ሳይንስ ማጥናት ትፈልጋለች። ያሰበችው 10 ቦታ ማመልከት ነው፦ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ስታንፎርድ፣ ኤምአይቲ፣ ኮሎምቢያ፣ ብራውን፣ ኮርኔል፣ ፔን እና ጆንስ ሆፕኪንስ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለት ታናናሾቿን የምትይዘው እሷ ስለሆነች ክለብ ብዙ የላትም። ማታ ማታ ቁጥሮቿን ኢንተርኔት ላይ እያስገባች ዕድሏን ትጠይቃለች። አንዱ ማስያ ለኮርኔል 27 ፐርሰንት ሲላት ሌላው 9 አላት። አንድ በክፍያ የሚሠራ አማካሪ ደግሞ 6,000 ዶላር ብንከፍል ዕድሏን 40 ፐርሰንት አደርሰዋለሁ አለን። የወንድሜ ልጅ በበኩሉ ‹እያንዳንዱ 5 ፐርሰንት ቢሆን እንኳ 10 ቦታ ስታመለክት 50 ይሆናል› ይላል። እኔና ባለቤቴ ኮሌጅ አልተማርንም፤ የሁለታችን ገቢ በዓመት 92,000 ዶላር ነው። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ዕድሏ ስንት ነው?»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ቁጥሮቹን አየሁ። በሁለተኛው ልቤን የነካው «ማታ ማታ» ያሉት ነገር ነው። አንዲት ልጅ እንቅልፏን ትታ፣ አይተዋት የማያውቁ ሰዎችን ስለ ዕድሏ ትጠይቃለች። ስለ ቁጥሩ የማውቀውን ሁሉ እነግርዎታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሁለታችሁም ሌላ ጥያቄ እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ።

በቀጥታ ልናገር። ልጅዎ ጎበዝ ናት። 3.92 በቀላሉ የሚመጣ ውጤት አይደለም። ነገር ግን ዝርዝሯ አሁን ባለበት ከቀረ፣ ከሁሉም በላይ የሚመስለኝ ውጤት 10 «አይ» ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የተሳሳተው ዝርዝሩ ነው።

ከወንድምዎ ልጅ ሒሳብ ልጀምር፤ በብዙ ቤት የምሰማው ስለሆነ። 5 ፐርሰንት 10 ጊዜ ተደምሮ 50 አይሆንም። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ 20 ቦታ ያመለከተ ሁሉ በእርግጠኝነት ይገባ ነበር። ትክክለኛው ስሌት የሚጀምረው ካለመግባት ነው። አንድ ቦታ የመግባት ዕድሏ 5 ከሆነ ያለመግባቷ 95 ነው። 0.95ን 10 ጊዜ ሲያባዙት 0.60 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቦታ የመግባት ዕድሏ 40 ፐርሰንት ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

ይህም ቢሆን የሚሠራው 10ሩ ውሳኔዎች እንደ 10 የተለያዩ ዕጣዎች ከሆኑ ብቻ ነው። እነሱ ግን የተያያዙ ናቸው። ለ10ሩም የሚላከው ያው ትራንስክሪፕት (የማርክ ወረቀት) ነው፣ ያው ዋና ድርሰት ነው፣ የእነዚያው መምህራን ደብዳቤ ነው። የፕሪንስተንን የማመልከቻ አንባቢ ያልሳበ ፋይል የዬልንም አንባቢ ላይስብ ይችላል። አንዳንድ ልጆች 4 እና 5 ቦታ ሲገቡ፣ ወረቀት ላይ እነሱን የሚመስሉ ሌሎች አንድም ቦታ የማይገቡት ለዚህ ነው። ቦታ መጨመር ይረዳል። የሚረዳው ግን ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነው።

ደግሞስ 5 ፐርሰንቱ ራሱ የማን ነው? ሃርቫርድን እንውሰድ። በ2023 መኸር ለሚገባው ክፍል 56,937 ሰዎች አመለከቱ፤ 1,942 ተቀበለ። 3.41 ፐርሰንት መሆኑ ነው። ይህ ግን የሁሉም አመልካች አማካይ ነው። በሃርቫርድ የተማሪ አቀባበል ላይ የተካሄደው ክስ ብዙ መረጃ ወደ አደባባይ አውጥቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለስፖርት ቡድኖቹ ከመለመላቸው አመልካቾች ከ10 ከ8 በላይ የሚሆኑት ይገቡ ነበር። ወላጆቻቸው እዚያው ከተማሩት፣ ሌጋሲ ከሚባሉት፣ ከ3 አንዱ ገደማ። እነዚህን ከአማካዩ ሲያወጧቸው ለቀረው ሰው የሚተርፈው ቁጥር ከታተመው ያንሳል። ልጅዎ ያለችው ከቀሩት ጋር ነው። ሁሉም ቦታ አንድ እንዳልሆነም ይወቁ፤ ከዝርዝሯ ውስጥ ኤምአይቲ እና ጆንስ ሆፕኪንስ ለሌጋሲ ቅድሚያ አይሰጡም።

ከዚያው ክስ ሌላ ቁጥር ልስጥዎት፤ እኔን ዝም ያሰኘኝ እሱ ነው። በ2015 ለገባው ክፍል ካመለከቱት ወደ 26,000 የሚሆኑ የአገር ውስጥ ተማሪዎች መካከል 8,000 ያህሉ ሙሉ ጂፒኤ ነበራቸው። 3,400 ያህሉ በኤስኤቲ ሒሳብ ሙሉ ነጥብ አምጥተዋል። የተቀበሏቸው ግን በጠቅላላ ወደ 2,000 ብቻ ናቸው። እስቲ ይህንን ያስቡት። ሙሉ ነጥብ ያመጣውን ሁሉ ለመቀበል እንኳ ወንበሩ አይበቃም። ማርክ እዚህ ደረጃ ላይ በሩ ድረስ ያደርሳል። በሩ የሚከፈተው በሌላ ነገር ነው፤ ያንን ሌላ ነገር ደግሞ ማስያው ፈጽሞ አያየውም።

ስለዚህ 27 እና 9 ለምን እንደተለያዩ አሁን ግልጽ ይመስለኛል። ሁለቱም ጂፒኤ እና ኤስኤቲ ወስደው በየራሳቸው ቀመር ቁጥር ያወጣሉ። ድርሰቷን አላነበቡም። መምህሯ ምን እንደጻፈች አያውቁም። ትምህርት ቤቷ ስንት የኤፒ ትምህርት እንደሚሰጥ፣ እሷ ከዚያ ውስጥ ስንቱን እንደወሰደች አያውቁም። እነዚያ ማንነታቸው የማይታወቅ መላሾችም እንደዚያው ናቸው። ብዙዎቹ ራሳቸው የ17 ዓመት ልጆች ናቸው፤ እንደ እሷ የፈሩ። እባክዎን ይህንን ለልጅዎ በእርጋታ ይንገሯት፤ መጠየቋን ግን እንደ ጥፋት አይቁጠሩባት።

አማካሪውን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ። አይክፈሉ። ጥሩ አማካሪዎች አሉ፤ ድርሰት አንብበው አስተያየት ይሰጣሉ፣ ቀነ ገደብ ያስታውሳሉ። በፐርሰንት ተስፋ የሚሸጥ ሰው ግን የሌለውን ነገር እየሸጠ ነው።

አሁን በእርግጥ ሊገመት ወደሚችለው እንሂድ። ሁሉም ጭለማ አይደለም።

ትልልቆቹ ኮሌጆች ማለት ይቻላል ሁሉም በየዓመቱ «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባል ሰነድ ያወጣሉ። የኮሌጁን ስም እና እነዚህን ሦስት ቃላት ኢንተርኔት ላይ ቢጽፉ ያገኙታል። ውስጡ «ሲ7» የሚል ሠንጠረዥ አለ። ኮሌጁ ለማርክ፣ ለትምህርቱ ክብደት፣ ለድርሰት፣ ለደብዳቤ፣ ለሌጋሲ ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጥ ራሱ የሞላው ነው። «ሲ9» ደግሞ የገቡትን ልጆች የፈተና ነጥብ ያሳያል፤ ከታች ሩቡ እስከ ላይ ሩቡ ያለውን መሃል። ለምሳሌ ኤምአይቲ ውስጥ በሒሳብ የታችኛው መስመር፣ ከገቡት ሩቡ ከሱ በታች ያመጡበት ነጥብ፣ 780 አካባቢ ነው። ልጅዎ 740 አላት። «ከመስመሩ በታች የገባ ሩብ ተማሪ አለ እኮ» ትል ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በእነዚህ ቦታዎች ከመስመሩ በታች ሆነው የሚገቡት ብዙውን ጊዜ ኮሌጁ በሌላ ምክንያት በጣም የፈለጋቸው ናቸው። ስለዚህ ኤምአይቲን ከዝርዝሩ ባታወጣው እንኳ፣ ተስፋዋን እዚያ ላይ አታኑር።

ሲ9ን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፈተና መላክ በፈቃድ በሆነባቸው ዓመታት ነጥባቸውን የላኩት በአብዛኛው ከፍ ያለ ያመጡት ናቸው። መስመሩ ወደ ላይ የወጣው በከፊል በዚህ ነው። አሁን ብዙዎቹ ፈተናውን መልሰው ግዴታ አድርገዋል፤ ኤምአይቲ በ2022፣ ብራውን እና ሃርቫርድ በ2024። ስለዚህ የየኮሌጁን የዘንድሮ ሕግ ራሳችሁ አረጋግጡ። የአምናው አይሠራም።

ከሰነዱ የሚበልጥ ምንጭ ግን አለ፤ የትምህርት ቤቷ ካውንስለር። ብዙ ትምህርት ቤቶች ናቪያንስ ወይም ስኮየር የሚባል ሥርዓት አላቸው። ከዚያው ትምህርት ቤት ባለፉት ዓመታት ማን በምን ጂፒኤና ኤስኤቲ የት እንደገባ፣ ስም ሳይጠቅስ፣ በነጥብ ያሳያል። ይህ ከአገር አቀፉ አማካይ በጣም ይሻላል። አንባቢዎቹ ልጅዎን በመጀመሪያ የሚያስተያዩት ከዚያው ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ነውና። ሆኖም ነጥቦቹ 4 እና 5 ብቻ ከሆኑ ብዙ አይመኑባቸው። በዝቅተኛ ማርክ የገባ አንድ ልጅ ካዩም ምናልባት ዋናተኛ ነበር። ካውንስለሩን ይህንን ይጠይቁት፦ «ስፖርተኛ ያልሆነ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የመረጠ፣ የእሷን ዓይነት ማርክ ያለው ልጅ ባለፉት 3 ዓመታት የት ገባ?» በአንድ ጥያቄ ከ10 ማስያ የበለጠ ያውቃሉ።

ኮምፒውተር ሳይንስ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ይህ ዘርፍ ብቻውን ግምቱን ይለውጠዋል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በጠቅላላ የሚቀበሉት ብዙ ሆኖ ለዚህ ዘርፍ በሩ ጠባብ ነው። የራሳችሁ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ አንዱ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስን ቦታው የተወሰነ ዘርፍ አድርጎታል። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሏት ዘርፉን ላይሰጣት ይችላል፤ ከገቡ በኋላ መቀየርም ቀላል አይደለም። ስለዚህ «ኮሌጅ ፓርክማ አይቀርም» ብላችሁ አትቀመጡ። የሚገርመኝ ደግሞ ዝርዝሯ ላይ ጭራሽ አለመኖሩ ነው። ኮሌጅ ፓርክ አብዛኛውን ተማሪ የሚወስደው እስከ ኖቬምበር 1 በኧርሊ አክሽን፣ ማለትም በቅድሚያ ዙር፣ ካመለከቱት ነው። ይህ ቀን እንዳያልፋት። ኧርሊ አክሽን አያስርም፤ ቢቀበሏትም እስከ ሜይ 1 ማሰብ ትችላለች።

ኧርሊ ዲሲዥን ግን ሌላ ነገር ነው። ብራውን፣ ኮርኔል፣ ኮሎምቢያ፣ ፔን እና ሆፕኪንስ ይህ አላቸው። ከተቀበሉሽ ትመጫለሽ ማለት ነው፤ በዚህ መንገድ ማመልከት የሚቻለውም አንድ ቦታ ብቻ ነው። የቅድሚያው ቁጥር ሁልጊዜ ያማረ ይመስላል። ሃርቫርድ፣ አስገዳጅ ባልሆነው የቅድሚያ ዙሩ፣ በዚያው የ2023 ክፍል ከ9,553 አመልካቾች 722 ተቀበለ፤ 7.56 ፐርሰንት። ከጠቅላላው ከእጥፍ በላይ። ግን የተመለመሉት ስፖርተኞች የሚያመለክቱት በዚሁ ዙር ነው፤ ሌጋሲዎችም ብዙዎቹ። ቁጥሩን የሚያሳብጠው በከፊል ይህ ነው። አስገዳጁ ዙር ለተራ አመልካችም ትንሽ ይረዳል ብዬ አምናለሁ፤ ኮሌጁ የሚመጣለትን ሰው ማወቅ ይወዳልና። የእናንተ ጥያቄ ግን ገንዘቡ ነው። አንድ ቦታ ከታሰራችሁ የሌላውን ኮሌጅ የእርዳታ መጠን አይታችሁ ማወዳደር አትችሉም።

ስለ ገንዘብ ካነሳሁ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎት። ብዙ ወላጅ የሚፈራው ሃርቫርድ በእናንተ ገቢ ከሁሉም የሚረክስ ሊሆን ይችላል። ከ2025 መኸር ጀምሮ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር የሆነ፣ ሀብታቸውም ከገቢው ጋር የሚመጣጠን ቤተሰቦች ትምህርቱን፣ ማደሪያውንና ምግቡን በነጻ ያገኛሉ። ኤምአይቲም ተመሳሳይ ሕግ አለው። አስቸጋሪዎቹ መሃል ያሉት ናቸው። ከአመልካቾቻቸው ግማሹን የሚቀበሉ፣ ግን የቤተሰቡን ችግር ሙሉ በሙሉ የማይሸፍኑ የግል ኮሌጆች አሉ። እዚያ መግባት ይቻላል፤ መክፈል ላይቻል ይችላል። ስለዚህ ዕድል ስትገምቱ ሁለቱን አብራችሁ ገምቱ፦ ይቀበሏታል ወይ? ከተቀበሏትስ እንችላለን ወይ? ሁለተኛው፣ ደግነቱ፣ አስቀድሞ ይታወቃል። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል እርዳታ የሚቀበል እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ የተጣራ ወጪ ማስያ፣ ከእርዳታ በኋላ ቤተሰቡ የሚከፍለውን የሚገምት፣ እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል። የገቢ ግብር ወረቀታችሁን ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት ብትቀመጡ ይበቃል። ልጅዎ ማታ ማታ ማስያ ላይ መቀመጧ ካልቀረ በዚህኛው ትቀመጥ።

አሁን ወደ ቃል የገባሁት ሌላ ጥያቄ ልምጣ። «ዕድሏ ስንት ነው?» የሚለውን ተዉትና እንዲህ ጠይቁ፦ «ከባዶቹ ሁሉ አይ ቢሉ በሜይ የት ትሄዳለች?»

ይህንን የምለው ከቤቴ ነው። የበኩር ልጄ በማርች መጨረሻ አንድ ምሽት ላይ የ6 ኮሌጆችን የውሳኔ ገጽ ከፈተ። 6ቱም አይ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ የቀረው ካውንስለሩን ደስ ለማሰኘት ብሎ ያመለከተበት አንድ ቦታ ነው። ሄዶ አይቶት አያውቅም፤ የእርዳታ ቅጹንም በሰዓቱ አልሞላንም ነበር። ገባ፣ ተማረ፣ ተመረቀ። ነገር ግን ያንን ቦታ ከመጀመሪያው በፍቅር ብንመርጠው ኖሮ ያ ኤፕሪል እንደዚያ አይሆንም ነበር። ያ የእኔ ጥፋት ነው፤ እናንተ እንዳትደግሙት እፈልጋለሁ።

እዚህ አገር «ሴፍቲ» የሚሉት ቦታ አለ። ሰው በንቀት ይጠራዋል። እኔ ከዝርዝሩ ሁሉ በጣም አስቦ መመረጥ ያለበት እሱ ነው እላለሁ። መቀበሏ የማያጠራጥር፣ ዋጋው የምትችሉት፣ የምትፈልገው ዘርፍ ያለው፣ ሄዳ ብታየው ደስ የሚላት መሆን አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሴፍቲ አይደለም። እንደ ልጅዎ ላለች የሜሪላንድ ልጅ ዩኤምቢሲ (በባልቲሞር ካውንቲ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ) ይህንን የሚያሟላ ይመስለኛል። በኮምፒውተርና በሳይንስ የተከበረ ነው። ከ1988 ጀምሮ ሜየርሆፍ የሚባል የነጻ ትምህርት ፕሮግራም አለው፤ በሳይንስና በምሕንድስና ወደ ዶክትሬት መሄድ ለሚያስቡ ልጆች። ሜየርሆፍ ራሱ ፉክክር አለበት፤ ግን ብትሞክር ምን ይጎዳታል? ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ ኮሌጅ ፓርክ የሚያሻግር ኤምታፕ የሚባል ፕሮግራምም አለ። ይህንንም እንደ ውርደት አይዩት። ወጪን በብዙ ይቀንሳል።

ከ10ሩ 3 ወይም 4 ታስቀር። ሁሉንም ትጣል አልልም። ትልም፤ ማለምም አለባት። ግን 10 ከባድ ቦታ ማለት ከዋናው ድርሰት ውጪ ብዙ ተጨማሪ ድርሰት ማለት ነው። 10ሩን በጥድፊያ ከምትጽፍ 4ቱን በደንብ ትጻፍ። መሃል ላይ ከ3 አንድ ወይም ከ2 አንድ የሚቀበሉ፣ የወጪ ማስያው ዋጋቸውን እንደምትችሉ ያሳያችሁን 4 ያህል ትጨምር። ከታች ደግሞ 2 ወይም 3 እርግጠኛ ቦታ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። «ክለብ ብዙ የላትም» ብለዋል፤ ምክንያቱን ደግሞ በዚያው ዓረፍተ ነገር ጽፈውታል። ሁለት ልጆች እየያዘች ነው! በኮመን አፕ፣ ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚቀበሉት ማመልከቻ፣ የእንቅስቃሴ ክፍል ውስጥ 10 ቦታ አለ፤ ከሚመረጡት ዓይነቶች አንዱ «የቤተሰብ ኃላፊነት» ይላል። እዚያ ትጻፈው። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ፣ ምን ምን እንደምትሠራ፤ ራት መሥራት፣ የቤት ሥራ ማስጠናት፣ ከአውቶቡስ መቀበል። ሳታጋንን፣ ሳታፍርም። ካውንስለሩም በደብዳቤው እንዲጠቅሰው ንገሩት፤ ካልነገራችሁት አያውቅም። እናንተ ኮሌጅ አለመማራችሁም ቅጹ ላይ ይጠየቃል፤ በእውነት ይሞላ። አንባቢዎቹ 3.92ን በዚህ ሁሉ መሃል እንዳመጣችው ሲያዩ ማርኩ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። ይህ ዕድሏን በስንት ፐርሰንት ይጨምራል ብለው እንዳይጠይቁኝ። ይጨምራል፤ የማውቀው ይህንን ነው።

ቅዳሜ ወይም እሑድ አንድ ከሰዓት በኋላ አብራችሁ ተቀመጡ። በአንድ ወረቀት ላይ አዲሱን ዝርዝር ከታች ወደ ላይ ጻፉት፤ እርግጠኛዎቹ ይቅደሙ። በየስሙ ጎን የተጣራውን ወጪ አስቀምጡ። ከዚያ ዩኤምቢሲን ሄዳችሁ እዩት፤ ታናናሾቿም ይምጡ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ላኩልኝ። በቅድሚያ የማነበው የመጨረሻዎቹን 3 ነው።